ለአሜባ የተባለ እልልታ

ድንቅነሽ ማረፏን የነገረኝ ስልክ ሲጠራ ዓይኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ «እሺ፣ መቼ? እሺ» እያልኩ ስላይዱን ወዲህና ወዲያ ማንቀሳቀሴን አልተውኩም። ከማዶ የአጎቷ ልጅ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፤ እኔ ዲላ ቁጭ ብዬ በሰው ሰገራ ውስጥ አሜባ እፈልጋለሁ። ምንም አልነበረም። «ምንም አልታየም» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበልኩ። ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየው።

«ለዚህ ነው ግማሽ ቀን የጎለታችሁኝ? ሆዴን እየቆረጠኝ ምንም የለም ይባላል?»

ድንቅነሽ ብትኖር የምትመልስለትን አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ የሌለ ነገር አሸክመን ከምንልክህ ባዶ እጅህን ብትሄድ ይሻልሃል» ትለው ነበር፤ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁበት። ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሥራዬ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ነው። ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ ከባጃጅ ጡሩንባ ጋር እየተፎካከርኩ፣ ሃያ አንድ ዓመት የሰው ሰገራና ሽንት ሳይ ኖሬአለሁ። ድንቅነሽ ከመምጣቷ በፊት እኛ ጋ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ባዶ ወረቀት አይወጣም። በኛ ከተማ ሆዱን ታሞ የመጣ ሰው አሜባ ወይም ጃርዲያ ካልተባለ እንደተመረመረ አይቆጥረውም። «ማሽናቸው አይሠራም» ይልና መንገድ ተሻግሮ ሌላ ክሊኒክ ይገባል። ስለዚህ ሰው እንዳይከፋው ብለን የማናየውን አሜባ እናይ ነበር። ሐኪሙ ክኒኑን ያዛል፣ በሽተኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ አብዛኛውም በራሱ ጊዜ ይድናል። በቀልድ «እንግዳ ተቀባይነት» እንለው ነበር።

ድንቅነሽ ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀች ነው እኛ ጋ የተቀጠረችው። ቀጭን፣ አጭር፣ ከአፏ ላይ ማስክ የማይለይ፣ አንገቷ ላይ በክር የታሰረ እርሳስ የምታንጠለጥል ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ቀን እኔ የጨረስኩትን ስላይድ አንሥታ አየችና ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ይቺን ሰባት ቁጥር እርስዎ ነዎት ያዩዋት?»

«አዎ። ምነው?»

«አሜባ ብለዋል። እኔ አጣሁት። እስቲ ያሳዩኝ፣ ልማር።»

ልማር ያለችው ከልቧ ነበር፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው። ዓይኔን ሌንሱ ላይ ደፍቼ አንድ አምስት ደቂቃ የሌለ አሜባ ፈለግሁ። አንገቴ ደነዘዘ። በመጨረሻ «ሸሽቷል» አልኳት። ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ ሲስቁ አየሁ። በእርሳሷ ጠረጴዛውን ሁለቴ ቆርቆር አደረገች፤ ያልተስማማችበት ነገር ሲኖር ሁልጊዜ እንዲያ ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ ያዩትን ይጻፉ። ያላዩትን እግዜር ያውቀዋል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳችን ያየነውን ስላይድ ሌላችን ደግመን እናያለን፤ ሁለተኛው ሰው ያየውን በመዝገቡ ላይ ከውጤቱ ሥር በእርሳስ ይጽፋል። ሐሳቡ የእሷ ነው። ለምን በእርሳስ እንደሆነ ስጠይቃት «የመጀመሪያውን ሰው እንዳይከፋው» አለችኝ። የክሊኒኩ ባለቤት አጉረመረመ፣ አንዳንዱም ደንበኛ መንገዱን ተሻገረ። አንዲት ሴት ወረቀቷን በመስኮቱ መልሳ ወርውራ «ከይርጋጨፌ ድረስ መጥቼ ምንም የለብሽም ልትይኝ?» ብላ ጮኸችባት። ድንቅነሽ ወጥታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና ከመቼ ጀምሮ እንዳመማት፣ ምን ስትበላ እንደሚብስባት አንድ ባንድ ጠየቀቻት። ሴትየዋ እንደተቆጣች ሄደች። ከሁለት ወር በኋላ አንድ እጅ ሙዝ ይዛ መጥታ «ያቺ አፏን የምትሸፍነው ልጅ የታለች?» ብላ ፈለገቻት፤ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ወጥቶላት ነበር።

ሰው አትጨብጥም፣ ጉንጭ አትስምም። በዓል ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ተቃቅፎ ሲሳሳም እሷ ከጥግ ሆና እጅ ትነሳለች። ለመስቀል ባለቤቱ በሬ ጥሎ ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ እሷ የራሷን ሙዝ ልጣ ትበላለች። «ልጣጭ ያለው ነገር ሁሉ ወዳጄ ነው» ትላለች። ኩራተኛ ናት ተባለ። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ቀን ግን ጠጋ ብዬ «አንቺ ልጅ፣ ምን አርገንሽ ነው የምትጸየፊን?» አልኳት።

«ተጸይፌ አይደለም ጋሼ። ብቻዬን ስላልሆንኩ ነው። የእማዬ ኩላሊት እኔ ጋ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከዱ። እናቷ እማማ ብርቄ አንዱን ሰጠቻትና አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ ተደረገላት። ከዚያ ወዲያ ሰውነቷ ያንን ኩላሊት እንዳይገፋው በየቀኑ ክኒን ትውጣለች፤ ክኒኑ ደግሞ በሽታ የሚከላከለውን ኃይሏን ያዳክመዋል። ለእኔ ተራ ጉንፋን የሆነው ለእሷ አልጋ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እጄን ሳልታጠብ በአጠገቧ አላለፍኩም።

እማማ ብርቄ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ቡና ለቃሚ ናት፤ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና እየበተነች የተበላሸውን ትለያለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የጋገረችውን ቆጮ ትኩሱን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ዲላ ትመጣለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ልጇንም «እሱ» ትላታለች።

«ዶክተር፣ ልጄ በላ?»

«እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ እማማ ብርቄ።»

«ነጭ ለብሰህ የለ? በላ ወይ?»

ከዚያ መዳፏን በልጇ ጋዋን ላይ፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ኩላሊቱ ከተተከለበት ቦታ ላይ ታሳርፋለች። «ይሄስ? ሥራ አልፈታም?» ትላለች። ድንቅነሽም «አልፈታም እማዬ፣ እንዳንቺ ነው፣ እረፍት አያውቅም» ትላታለች። ይህን በየሳምንቱ ሲባባሉ እሰማለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ሆዷ ተነሣ። መጀመሪያ ውሃው ነው አልን። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ገብታ የራሷን ናሙና ታያለች፤ እኔ ስደርስ «ጋሼ፣ ይድገሙልኝ» ትለኛለች። እደግማለሁ። ደምና የመግል ሴል ብቻ ነው። አሜባ የለም፣ ጃርዲያ የለም፣ የትል እንቁላል የለም። በእርሳስ «አልታየም» ብዬ እጽፋለሁ። ወንበሯን ወደ በሩ አስጠጋች፤ በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ትወጣለች። ጋዋኗ ሰፋባት፤ መቀነት አሠረችበት።

አዲስ አበባ ቀጠሮ ሲኖራት ከዋዜማው ምሳ ጀምሮ እህል አትቀምስም፤ አውቶቡስ ውስጥ እንዳትቸገር ነው። አንዴ ግን ጾሟም አላዋጣት። መንገድ ላይ አቁሙልኝ ስትል ረዳቱ «ቆንጆ፣ መኪናው የአባትሽ ነው?» አላት። ይሄኔ አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው «እኔ ነኝ የምወርደው፣ አቁም!» ብለው ጮኹ። አብረዋት ወርደው ነጠላቸውን ዘርግተው ጋረዷት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቋን አቆመች። «ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ጋሼ» አለች።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች በካሜራ አንጀቷን አይተው መለሷት። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ትምህርት አስረዳችኝ።

«የሰውነት ዘበኛ አለ አይደል? የእማዬን ኩላሊት ሌባ ነው ብሎ እንዳያባርር በመድኃኒት አስተኝተውታል። አሁን አንጀቴ ውስጥ ያለው ብቻውን ነቅቶ የገዛ ቤቱን እየደበደበ ነው። አንጀቴ ከላይ እስከ ታች ቆስሏል።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ለዚህ በሽታ ከሚሰጠው አብዛኛውን ለኩላሊቱ ብዬ እየዋጥኩት ነው። እየዋጥኩት ነው የመጣብኝ። ዘበኛውን ያዛባው መድኃኒቱ ራሱ ይሆናል ይላሉ፤ የቀረ ነገር ቢኖር የኩላሊቱን መድኃኒት መቀነስ ነው። ቢቀንሱት አንጀቴ ይሻለው ይሆናል። ኩላሊቱ ግን ይሄዳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይወሰናል።»

ከዚያ ቀና ብላ «ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለዎት?» አለችኝ። «ውጭ አገር ለምርምር ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ግልገል ጦጣዎችም እንዲህ ይሆናሉ አለኝ። መድኃኒቱን እየዋጡ አንጀታቸው ይቆስላል።»

«ታዲያ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«እሱን አልጠየቅኩትም» አለችና በእርሳሷ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታች።

የጦጣውን ነገር ቅዳሜ ለእናቷ ነገረቻት። እማማ ብርቄ ደግሞ ከጦጣ ጋር የዘመናት ጠብ አለባት፤ ጓሮዋ ያለውን በቆሎ አላስበላ ብለዋታል። «ያ ሌባ?» አለች በቁጣ። ቆየት ብላ «ግልገሉ ነው የሚታመመው?» ስትል ጠየቀች። «አዎ እማዬ፣ ግልገሉ።» ከዚያ ወዲያ ጦጣ በድንጋይ መምታት ተወች። የዚያን ዓመት በቆሎዋ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የእናቷን ኩላሊት ማጣት ነበር ድንቅነሽን የሚያስፈራት። ስለ ሞት ስታወራ አልሰማኋትም። «ሰው አንድ ነገር አደራ ቢሰጥዎት፣ በልቼ ጨረስኩት እንዴት ይሉታል?» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሣ «ጋሼ፣ ምነው አሜባ በሆነልኝ» አለች። ሰው ይህን ሲመኝ በሃያ አንድ ዓመቴ ሰምቼ አላውቅም። አሜባ ክኒን አለው፤ በሰባት ቀን ይሄዳል፤ ከእናቷ ኩላሊት ጋር አያጣላትም።

ከቀጠሮዋ በፊት ያለችው ቅዳሜ ላይ ነው ኃጢአቴን የሠራሁት። እናቷ ኮሪደር ላይ ቆጮዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ድንቅነሽ ከመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ይዛ ተመለሰችና ናሙናዋን ስላይድ ላይ አድርጋ ወደኔ ገፋችው።

«ዛሬ መጀመሪያ እርስዎ ይዩልኝ። የኔን ዓይን ጠላሁት።»

አየሁ። ደም፣ መግል፣ እንደ ሁልጊዜው። ትልልቅ የመግል ሴሎች አንዳንዴ ችኩል ዓይንን አሜባ መስለው ያታልላሉ፤ እኔ ግን ችኩል አልነበርኩም። ደጋግሜ አየሁ። አሜባ የለም። ቀና ስል ማስኳን አውርዳ አፏን በትንሹ ከፍታ ትጠብቀኛለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እኔ እንጃ ምን እንደያዘኝ፤ ያ የድሮው እንግዳ ተቀባይነቴ ነው መሰለኝ።

«አለ» አልኳት። «አሜባ ነው።»

ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ብድግ ብላ በሩን በርግዳ ወጣች። «እማዬ! አሜባ ነው! አሜባ ነው የተገኘብኝ! በክኒን ይድናል!» እማማ ብርቄ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ቆጮውን ወንበሩ ላይ ጣለችና እልልታዋን አቀለጠችው። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ። «ማን ወለደ?» አለ አንዱ። «አሜባ ተገኝቶባት ነው» አለ ሌላው። ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልልታውን ደገመችው። እኔ መዝገቡ ላይ «አሜባ ታይቷል» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ክኒኑን ራሴ ሄጄ ከመድኃኒት ቤት አመጣሁ።

ስመለስ ድንቅነሽ ጠረጴዛዋን ላጽዳ ብላ ላቦራቶሪ ገብታ ነበር። ቆየች። ስትወጣ ማስኳን አድርጋ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። ክኒኑን ተቀበለችኝና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አዲስ አበባ ደውላ ቀጠሮዋን በሦስት ሳምንት አራዘመች፤ ፈቃድ ጠይቃም ከእናቷ ጋር አሪቻ ልትሄድ ተነሣች።

«ሰኞ አትሄጂም እንዴ?» አልኳት ደንግጬ።

«አሜባ ከሆነማ አዲስ አበባ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ፤ ዓይኔን አላየችኝም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ዋሽቼሻለሁ፣ ሰኞ ሂጂ» ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። እናቷ በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ» ትለኛለች። ነገ እደውልላታለሁ አልኩ። በማግስቱ ደወልኩ። «እየተሻለኝ ነው ጋሼ፣ እማዬ ደስ ብሏታል» አለችኝ። ከኋላዋ እናቷ ስትስቅ ይሰማል። ስልኩን ዘጋሁት። ሌላም ቀን ደወልኩ፤ ሌላም ቀን እንዲሁ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ሲወስዷት መኪናው ክሊኒካችን በር ላይ ቆመ። ሽንቷ ከቆመ ሁለት ቀን ሆኖታል። መስኮቱ ወረደ። ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል፤ የማውቀው ዓይኗን ብቻ ነው። አጠገቧ እናቷ መዳፏን እዚያው ቦታ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ መዝገቡን አደራ» አለችኝ። «ያዩትን ብቻ።»

የሥራ ነገር መሰለኝ። አሥራ አንድ ቀን በኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ቆየች። ኩላሊቱም አንጀቱም ተያይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ያ ስልክ ተደወለልኝ።

ሰውየውን መስኮት ዘግቼበት ካለቀስኩ በኋላ ነው መዝገቡን የገለጥኩት። ያችን ቅዳሜ ፈለግኋት። «አሜባ ታይቷል» ይላል የኔ እስክሪብቶ። ከሥሩ በዚያች በደቃቅ ጽሕፈቷ፣ በእርሳስ፣ «በድጋሚ ተመርምሯል። አልታየም» ይላል።

ያን ዕለት ጠረጴዛ ልታጸዳ አልነበረም የገባችው።

ከቀብሯ በአራተኛው ቀን አሪቻ ሄድኩ። ልናዘዝ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደጋግም ደረስኩ። ድንኳኑ ፈርሷል። እማማ ብርቄ ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከበቆሎው ውስጥ ጦጣዎች ይንኮሻኮሻሉ፤ ዞር ብላም አላየቻቸውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነት ትነግረኛለህ?»

ገብታ አንድ ነገር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ፈታችው። እኔ ያመጣሁት ክኒን ነው፤ ከነእሽጉ፣ አንድም አልተነካም።

«ይሄ ያ የአሜባው ነው አይደል? ጠዋትና ማታ ‹ዋጥኩ እማዬ› ይለኛል። ውሃውን እኔ አቀብለዋለሁ፤ ይጠጣል፤ ይስቃል። አሁን ፍራሹን ሳነሳ ከሥር ይሄን አገኘሁ።» ክኒኑን ወደኔ ዘረጋችው። «ለምን አልዋጠም? ቢውጥ ይድን ነበር አይደል? እኔ ቆሜ ማየት ነበረብኝ። ሳላየው ቀረሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

የተዘጋጀሁበት ነገር ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ።

«እማማ፣ አሜባ አልነበረም» አልኳት። «ዋሽቼ ነው። ደስ እንዲላት ብዬ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ክኒኑ አይጠቅማትም ነበር፤ ያንን ኩላሊት ሊጎዳው ሁሉ ይችል ነበር። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

«እሱ ያውቃል?»

«ያኔውኑ አውቃለች።»

«እዚህ ከእኔ ጋር ሦስት ሳምንት ሲስቅ የከረመው፣ አውቆ ነው?»

«አዎ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። ክኒኑን መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ኩላሊቷ የወጣበት ጠባሳ ያለበትን ጎኗን በመዳፏ ያዘች፤ ልክ በዚያ በልጇ ጋዋን ላይ እንደምታደርገው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ታዲያ እኔ» አለችኝ፣ «ለምን ነበር እልል ያልኩት?»